ከአያት እስከ ለቡ፦ የግል የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት በተገልጋዩ ሚዛን

ከተማው ዳር የሚኖር ሰው ሳይኮሎጂስት ፍለጋ የግድ ፒያሳ ወይም ቦሌ መውረድ ቀርቶለታል። አያት፣ ሰሚት፣ ለቡ፣ ጀሞ አካባቢ ከጥርስ ክሊኒኩና ከሒሳብ ባለሙያው ቢሮ ጎን «የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ታፔላ ማየት ብርቅ አይደለም። ይህ ግምገማ የአንድን ቤት ስም እየጠራ አያሞግስም፣ አይነቅፍም። የሚመዝነው አገልግሎቱን ራሱን ነው፤ አንድ ሰው ከአንድ ባለሙያ ጋር በር ዘግቶ የሚቀመጥበትን የንግግር ሕክምና፣ ብዙዎች ቴራፒ የሚሉትን። መለኪያችን ተገልጋዩ ሲጨርስ «ምን አተረፍኩ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ እናስቀምጠው። ክፍሉ ውስጥ የሚደረገው ንግግር ባብዛኛው ደህና ነው። የሚበላሸው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ ግብ ሳይያዝ ይጀመራል፣ ሳይለካ ይቀጥላል፣ ሳይዘጋ ይቋረጣል። ተገልጋዩም የቀኑን እፎይታ እንደ ውጤት ይቆጥራል። ውጤቱ ግን ያለው በሚቀጥለው ማክሰኞና ረቡዕ፣ እቤትና መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

«ተነፈስኩ» እና ከዚያ በኋላ

ከመጀመሪያው ቀጠሮ የወጣ ሰው የሚለው ይታወቃል፦ «ተነፈስኩ»፣ «ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደልኝ»፣ «እስከ ዛሬ እንዲህ የሰማኝ ሰው የለም»። እውነቱን ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ገመናውን ለዓመታት አፍኖ ለኖረ ሰው ማንም ሳያቋርጠውና ሳይፈርድበት 50 ደቂቃ መናገር በራሱ ኀፍረትን ያቀላል። ይህ እፎይታ ግን ብዙ ጊዜ ሳምንቱን አይዘልቅም፤ ችግሩን የሚመግበው ልማድ ገና አልተነካማ። ታክሲ የሚፈራው አሁንም በእግሩ ይሄዳል። ድባቴ የያዘው አሁንም እስከ ረፋድ ከአልጋ አይወርድም። የሚብሰለሰለው አሁንም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቶ ትናንት የተባለውን ያወጣል ያወርዳል።

አንዳንዱ «ድኛለሁ» ብሎ ከሁለተኛው ቀጠሮ ይቀራል። አንዳንዱ እፎይታው ሲጠፋበት «ለእኔ አይሠራም» ብሎ ይቀራል። ሁለቱም የለኩት የዕለቱን ስሜት ነው።

በወጉ የጨረሱ ሰዎች ስለ ውጤቱ ሲናገሩ ቃላቸው ይለያል። «እንቅልፌ ተመለሰ» ይላሉ፤ «ልቤ ሲመታ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልደነግጥም» ይላሉ፤ «ሳልጮህ እምቢ ማለት ቻልኩ» ይላሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን «ቢመለስብኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ» የሚለው ነው። ድባቴም ጭንቀትም የሚመላለሱ ሕመሞች ናቸውና፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳይዝ የወጣ ሰው ሕክምናውን ግማሹን ብቻ ወስዷል ማለት ይቻላል።

ስለ ተገልጋዮች አስተያየት ብዙ የሚጠቀሰው መረጃ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ስለ መኪናና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን በመገምገም የሚታወቀው ኮንሱመር ሪፖርትስ መጽሔት አንባቢዎቹን ስለ ሳይኮቴራፒ ጠይቆ ነበር፤ ማርቲን ሴሊግማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪም መልሱን እ.ኤ.አ. በ1995 ተንትኖ አወጣው። ባለሙያ ዘንድ ከሄዱት አብዛኞቹ እንደተሻላቸው ተናገሩ። ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተሉት ይበልጥ ተሻላቸው። የሕክምናው ስልት ልዩነት ግን በውጤቱ ላይ ያን ያህል አልታየም። ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ተተችቷል፤ የተደሰተ ሰው መጠይቅ ለመሙላት እንደሚቀለውም ግልጽ ነው። ቢሆንም ስለ ርዝማኔው ያገኘው ከሌላ ሥራ ጋር ይገጥማል። ተመራማሪው ኬኔት ሃዋርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳዩት ከተገልጋዮቹ ግማሽ ያህሉ እስከ 8ኛው ቀጠሮ፣ 75 በመቶው ደግሞ እስከ 26ኛው ቀጠሮ መሻሻል አሳይተዋል። ቁጥሩ የእነሱ አገር ነው። እዚህ የሚጠቅመን ለአንድ ነገር ነው፦ በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ፍርድ መስጠት ገና ነው፤ 8 ቀጠሮ ተሂዶ ምንም ያልተነቃነቀ ነገር ደግሞ በዝምታ መታለፍ የለበትም።

«ከፍዬ ዝም ብሎ ሰማኝ»

ከቅሬታዎች ሁሉ የሚደጋገመው ይህ ነው። ችግር ሲደርስ የምንሄድባቸው ሰዎች፣ ሽማግሌም ሆኑ የንስሐ አባት ወይም ታላቅ እህት፣ ሰምተው «እንዲህ አድርግ» ይላሉ። ሳይኮሎጂስቱ ግን «እርስዎ ምን ያስባሉ?» ይላል፤ ሰውየውም ገንዘቡ ያሳዝነዋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ባለሙያው ውሳኔ የማይሰጠው ሰውየው ነገም ሌላ ነገር ራሱ መወሰን ስለሚኖርበት ነው። ይህን ግን በመጀመሪያው ቀን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የእሱ ግዴታ ነው፤ ብዙዎቹ አያስረዱም።

በሌላ በኩል ዘዴ የሌለው ዝምታም አለ። ጥሩ ቤትና ደካማ ቤት የሚለዩት እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ሦስት ነገር በእጅዎ ሊኖር ይገባል፦ ችግሩ እንዴት እንደጀመረና ምን እንደሚያቆየው የተስማማችሁበት ማብራሪያ፣ በሚታይ ነገር የተጻፈ ግብ፣ ለሳምንቱ የሚሠራ ትንሽ ሥራ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 የሕክምናውን ኅብረት፣ ማለትም ባለሙያውና ተገልጋዩ አብረው የሚሠሩበትን ግንኙነት፣ በግብ፣ በሥራና በመተማመን የከፈለው ለዚህ ነው። መተማመኑ ብቻ ሲኖር ወዳጅነት ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን አያሻሽልም።

ግብ ሲባል «ደስተኛ መሆን» ግብ አይደለም። «በሳምንት ሦስት ቀን ከ1 ሰዓት በፊት ተነስቼ ቁርስ መብላት»፣ «ከአያት መገናኛ በታክሲ ብቻዬን መሄድ» ግብ ነው። የሁለተኛውን ምሳሌ እንከተለው፤ ዳርቻ ለሚኖር ሰው ታክሲ ውስጥ የሚመጣ ድንገተኛ ጭንቀት ሥራ የሚያስቀር ነገር ነውና።

ሚኒባስ ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ልቡ የሚደልቅ፣ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ሰው መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ልቡን፣ የደም ማነሱንና የእንቅርት ዕጢውን ይመርመር። ያንን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ንግግር የሚገባ ባለሙያ ችኩል ነው። አካሉ ደህና ከሆነ ፍርሃቱ በደረጃ ይፈታል። ታክሲ ተራው ላይ 15 ደቂቃ ቆሞ መኪኖቹ ሲሞሉ ማየት። ቀጥሎ ወረፋ የሚጠብቅ ባዶ መኪና ውስጥ መቀመጥ (ወያላው ደስ አይለውም፤ ቀድሞ ሒሳቡን መክፈል ይፈታዋል)። ቀጥሎ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ በር አጠገብ ተቀምጦ አንድ ፌርማታ መሄድ፣ ከዚያ መሐል ወንበር፣ ከዚያ እስከ ሲኤምሲ፣ እስከ ጉርድ ሾላ፣ እስከ መገናኛ፤ መጨረሻ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ግርግር ላይ የኋላ ወንበር። በየደረጃው ፍርሃቱ ከ0 እስከ 100 ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ ያው ደረጃ ይደጋገማል፤ በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል።

የሚበላሸው የት ነው? ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ «ወራጅ አለ» ብሎ መውረድ ዋናው ነው። በዚያች ደቂቃ አእምሮ የሚማረው «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» የሚለውን ነው፤ ስለዚህ ነገ ይብሳል። የውሃ ኮዳ፣ የምትደወል እህት፣ ኪስ ውስጥ ያለች ኪኒን እንደ ክታብ ሲያዙም ልምምዱን ያከሽፉታል። ሦስተኛው የቤተሰብ ትዕግሥት ማጣት ነው፦ «አሁንስ በቃ፣ ግቢ!» ተብላ ከሁለተኛው ደረጃ ወደ መጨረሻው የተወረወረች ሴት ወደ ቀጠሮው ላትመለስ ትችላለች።

ለድባቴ የሚሰጠው የቤት ሥራ ይቀላል፤ በቀን ሁለት ትንንሽ ሥራ፣ አንዱ የሚያስደስት፣ አንዱ የሚጠቅም፣ ከመሥራት በፊትና በኋላ ስሜትን ከ0 እስከ 10 መጻፍ። «ስሜቱ ሲመጣ እሠራለሁ» ማለት አይሠራም፤ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ይከተላል። ባለሙያው የቤት ሥራ ሰጥቶ በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልጠየቀ ተገልጋዩ መሥራት ያቆማል፤ ይህ በጣም የተለመደ ድክመት ነው።

ይሉኝታ ቁጥሩን ሲያበላሸው

ባለሙያው «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። «ጥሩ ነበር?» ሲል «በጣም ጥሩ፣ ይባርክህ»። ከዚህ ምንም አይገኝም። የወረቀት መለኪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እኛም ቤቱን ከምንመዝንባቸው ነገሮች ይህንን ከሁሉም አስቀድመን እንጠይቃለን።

ፒኤችኪው-9 የሚባለው መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። 10 እና ከዚያ በላይ መካከለኛ ድባቴን ያመለክታል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው። በሕክምናው መሐል 5 ነጥብ መውረድ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ከተሞላ ባለሙያው በዚያው ቀን፣ ከመለያየታችሁ በፊት ሊያነሳው ይገባል። ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ የሚያስገባ ቤት ካጋጠመ ሌላ ቤት መፈለግ ነው። የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶችን የሚለይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄ ያለው ኤስአርኪው-20 መጠይቅም በኢትዮጵያ ጥናቶች በአማርኛ ሲሠራበት ቆይቷል፤ አካላዊ ምልክቶችን ስለሚጠይቅ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ለሚል ሰው ይቀርባል።

ስለ ቀጠሮው ራሱ የሚጠይቅ አጭር ቅጽም አለ፤ እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲሜትር የሆኑ አራት መስመሮች፣ ድምራቸው 40። ተሰማሁ ወይ፣ የፈለግነውን አወራን ወይ፣ አካሄዱ ተስማማኝ ወይ፣ ባጠቃላይስ? ከ36 በታች ከሆነ እንዲወያዩበት ይመከራል። በእኛ ዘንድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 40 ከ40 የሚሞላ ሰው አለ፤ ያ ብዙውን ጊዜ ምስጋና ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ብልህ ባለሙያ ቅጹን ሰጥቶ ዞር ይላል፤ ቀጥሎም «ዛሬ ካወራነው የትኛው አልጠቀመዎትም?» ብሎ ይጠይቃል። አሉታዊ መልስ አስቀድሞ የተፈቀደበት ጥያቄ ይሉኝታን ይሰብራል።

«ባለሙያው አይቶ ያውቀዋል» የሚል ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቴራፒስቶች ከ550 ተገልጋዮቻቸው መካከል ማን እየባሰበት እንደሚወጣ እንዲገምቱ ተጠየቁ። የጠቆሙት 3 ሰው ነበር፤ የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ከሦስቱ ግምት ትክክል የሆነው አንዱ ብቻ ነው።

የዕድሜ ነገርም አለ። ባለሙያው ወጣት፣ ተገልጋይዋ ደግሞ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ሲሆኑ «ልጄ» እያሉ እሱን መምከር ይጀምራሉ፤ እሱም «እማማ» እያለ ሊጠይቅ የሚገባውን ያልፋል። አክብሮቱ ሳይቀነስ «እማማ፣ ይህን መጠየቄ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው» ማለት በቂ ነው። የማይለው ሲበዛ ሰዓቱ በምርቃት ያልቃል፤ ምርቃቱ አይጠላም፣ በዚያ ክፍያ ግን ውድ ነው።

ግድግዳው፣ ጀነሬተሩና መንገዱ

ዳርቻ ላይ ያለው አገልግሎት በጣም የሚሸነፍበት ይህ ነው። ቢሮዎቹ ብዙ ጊዜ በጂፕሰም ወይም በመስታወት የተከፈሉ ናቸው። ከመመዝገብዎ በፊት መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጡ፤ የውስጡ ሰው ቃል ለይቶ የሚሰማ ከሆነ የእርስዎም ይሰማል። መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጀነሬተር መስኮቱ ሥር የሚነሳ ከሆነ ግማሹ ሰዓት በ«ምን አሉኝ?» ይሄዳል። ዘዴኛ ቤት መጠበቂያው ላይ ሬዲዮ ዝግ አድርጎ ይከፍታል፤ በቀጠሮዎች መሐልም 15 ደቂቃ ክፍተት ይተዋል፤ የሚወጣውና የሚገባው እንዳይተያዩ። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች መጠበቂያ ላይ ከተገናኙ አንዳቸው አይመለሱም።

ምሥጢር ይጠበቃል ማለት ደግሞ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ራስን ወይም ሌላን ሰው የመግደል አደጋ ካለ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ ባለሙያው ዝም አይልም። ይህ በመጀመሪያው ቀን፣ ከመናገርዎ በፊት ሊነገርዎት ይገባል፤ በኋላ ሲሰሙት ክህደት ይመስላል።

የስልክ ቀጠሮ ለኮዬ ፈጨ ወይም ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪ በተለይ ክረምት ላይ ይጠቅማል። የሚያስቸግረው ኔትወርኩ ብቻ አይደለም፤ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ማን ሳይሰማ ይወራል? የቆመ መኪና ውስጥ፣ ወይም ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ይያዝ። መስመሩ ቢቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል አስቀድሞ ይወሰን። የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን በአካል ቢሆን ይሻላል።

ዋጋውን ሲያሰሉ

የአንድ ቀጠሮ ዋጋ አይጠይቁ፤ የስምንቱን ያስሉ። የቀጠሮው ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ታክሲ፣ ከሥራ የሚቀረው ግማሽ ቀን፣ ሁሉም ተደምሮ ሲባዛ በ8። ድምሩ ከአቅም በላይ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን «ያለኝ ለአራት ቀጠሮ ነው» ማለት ነውር የለውም፤ ባለሙያው አንድ ችግር ብቻ መርጦ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፒኤም ፕላስ የተባለው አጭር የምክር መርሐ ግብር በሳምንት አንዴ በ90 ደቂቃ፣ በአምስት ቀጠሮ እንዲያልቅ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ አጭር ማለት የግድ ባዶ ማለት አይደለም። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከመጀመሪያው በወር አንዴ መሄድ ግን ከሁሉም የከፋ አከፋፈል ነው፤ ቀጠሮው ያለፈውን በመተረክ ያልቃል። መጀመሪያ አራቱን በየሳምንቱ፣ ቀሪውን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ይሻላል። የቀረ ቀጠሮ እንደሚከፈል፣ ስንት ሰዓት ቀድሞ መሰረዝ እንደሚቻልም ይጠየቅ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ የባለሙያ ፈቃድ አይደለም። የትምህርት ደረጃውን፣ በምን ዘርፍ እንደተመረቀ፣ ሥራውን የሚያይለት ከፍ ያለ ባለሙያ መኖሩን መጠየቅ መብት ነው። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ስለሆነ ያዛል።

ንግግር ብቻውን የማይበቃበት ሁኔታም አለ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበት የሚተርፈው፣ ምግብ ያቆመ፣ ራሱን ለመግደል ዕቅድ ያለው ሰው ለስምንት ሳምንት ቀጠሮ አይያዝለትም። ለምሥራቁ ዳርቻ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባል፤ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ቅዱስ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳም አሉ። ይህን አይቶ የማያስተላልፍ የግል ቢሮ አደገኛ ነው። ጸበል የሚጠመቀውን «ወይ ያኛው፣ ወይ እኔ» የሚል ባለሙያም አይበጅም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ የታዘዘ መድኃኒት እስካልተቋረጠ ድረስ።

ስለ ቤተሰብ አንድ ነገር። ተገልጋዩ «ተሻለኝ» ሲል ቤቱ «ተበላሸ» ሊል ይችላል። ለዓመታት ሁሉን እሺ ስትል የኖረች ልጅ «ዛሬ አልችልም» ማለት ስትጀምር ለእሷ ውጤት ነው፤ ለወንድሞቿ ግን ክፍያው የባከነበት ማስረጃ። ባለሙያው ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ ካልነገራት፣ የመጀመሪያው ቁጣ ሲነሳ ወደ ድሮው ትመለሳለች። ተገልጋዩ ፈቅዶ አንድ ቀጠሮ ለቤተሰብ ማብራሪያ ቢውል ገንዘቡ አይባክንም።

አዘጋጉ ላይ ብዙ ቤቶች ዜሮ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ 669 ጥናቶችን የሰበሰበ ትንታኔ እንዳሳየው ከአምስት ተገልጋይ አንዱ ገደማ ሳይጨርስ ያቋርጣል። የእኛ ቢሮዎች የቀረውን ሰው ደውለው «ደህና ነዎት? መቀጠል ባይፈልጉም ለመዝጋት አንድ ቀን ይምጡ» ቢሉ ብዙ ይተርፍ ነበር። ለሚጨርሰው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ይራራቁ፤ አንዱ ከሦስት ሳምንት፣ ሌላው ከሁለት ወር በኋላ። ሲወጡ አንድ ገጽ ወረቀት ይጠይቁ፦ ሕመሙ ሲመለስ የሚታዩት የመጀመሪያ ሦስት ምልክቶች፣ በዚያ ሳምንት የሚደረገው፣ የመነሻና የመጨረሻ ነጥብዎ፣ ተመልሰው ለመምጣት የሚያበቃው ነጥብ ስንት እንደሆነ። ስምዎ ወረቀቱ ላይ ባይጻፍ ይሻላል፤ እቤት ውስጥ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም።